በአስካለ ፋንታ ያሸተትኩበት ዓመት

የበደለችኝ ታናሽ እህቴ አስካለ ናት። የበደለችኝም የአባታችን አርባ በወጣ ሳምንት ነው። ይህን በመንዝ፣ ዘመሮ ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የማይታወቀው እኔ ያደረግሁት ነው፤ እሱን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናዘዝኩትም። የእኔና የእሷ ነፍስ አባት አንድ ናቸው፤ ቤቱን ጸበል ሊረጩ ሲመጡ ሁለታችንንም በአንድ መስቀል ነበር የሚባርኩን። ምስጢሬን ያወጡብኛል ብዬ አልፈራሁም። የፈራሁት ከነገርኳቸው በኋላ ዓይናቸውን ማየቱን ነው። የእናንተን የአንባቢዎቼን ዓይን ግን አላይም። ስለዚህ ለእናንተ እናገራለሁ።

አስቀድሜ የእሷን ልጻፍ። የእኔን ለማቅለል አይደለም እላለሁ፤ ታዲያ ለምን አስቀደምኩት? እሱን እናንተው ፍረዱ።

አባታችን ዘጠኝ ዓመት አልጋ ላይ ሲተኙ ያስታመምኳቸው እኔ ነኝ። ወንድማችን ታደሰ አዲስ አበባ ይነግድ ነበር። አስካለ መምህርነት ተምራ ገና ሥራ መያዟ ነበር። እኔ ሳላገባ እዚያው ቤት ቀረሁ። ሊሞቱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አባታችን እኔንና አስካለን ከአልጋቸው አጠገብ አስጠሩንና፣ «ይህ ቤት ያስታመመችኝ ልጅ ነው» አሉ። ከሦስታችን ሌላ በክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። አርባቸው ሲወጣ ታደሰ ቤቱ ለወንድ ልጅ ነው ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ የእኔን ቃል ሰምተው ወደ አስካለ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ፣ አባትሽ ይህን ሲናገሩ ሰምተሻል?»

አስካለ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች «አልሰማሁም» አለች።

ያችን አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች። በዚያ ዓመት ሠርጓን የሚደግስላት ታደሰ ነበር። እኔ አንድ ሳጥንና የብርድ ልብሴን፣ አንድ የበግ ሱፍ ባና፣ ይዤ ከቤቱ ወጣሁ። ራቤል ከተማ ሄጄ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍት እያደልኩና እየሰበሰብኩ አረጀሁ። ሰዎች ቤተሰብ የለሽም ወይ ሲሉኝ አልሰማሁም ማለት ለመድኩ። ከእህቴ የተማርኩት ቃል ነው።

ታደሰ ልጅ ሳይወልድ ሞተና ቤቱ ለአስካለ ደረሰ። እሷም ባሏ ሞቶባት ከዕድሜዋ ቀድማ በፈቃዷ ጡረታ ወጥታ ነበር። እኔ ጡረታ በወጣሁበት ዓመት «እትዬ፣ ነይ፤ ቤቱ ሰፊ ነው» ብላ ላከችብኝ። የተወለድኩበትን ቤት ስፋት ለእኔ ትነግረኛለች! መሄጃ ስላልነበረኝ መጣሁ። ያንኑ ባና ይዤ። የሰጠችኝም አባታችን የታመሙበትን ክፍል ነው። ስለዚያች ቃል እሷም አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። እንደ ሁለት እንግዶች ተከባብረን ኖርን።

ከዚያ ኮሮና መጣና ሁለታችንንም ያዘን። እኔን በሳምንት ለቀቀኝ። አስካለን ሲለቃት ማሽተቷን ይዞ ሄደ። ወጥ ሲያር አታውቅም፣ ወተት ሲበላሽ አታውቅም። ይመለሳል ተብሎ ዓመት አለፈ፤ አልተመለሰም። «እትዬ፣ እስቲ አሽትቺልኝ» የሚለው ነገር የተጀመረው ያኔ ነው። ቅቤውን አሸትላታለሁ፣ ነጠላዋን አሸትላታለሁ፣ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ እንኳ አሸትላታለሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ በሐቅ ነበር የማሸትላት። አንዳንዴም እየሳቅን።

ሌዘር የሚባለውን መቁረጫ ያመጣላት ልጇ ዮናስ ነው። አዲስ አበባ የማስታወቂያ ሥራ ይሠራል፤ በቤት ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ማሽን ገዝቶ በመኪና ጭኖ መጣ። መካከለኛ ሣጥን ያህላል፣ ክዳን አለው፤ ከውስጡ ቀጭን ብርሃን ይወጣና ኮምፔርሳቶ የሚባለውን በሙጫ የተጣበቀ ስስ ጣውላም ቆዳውንም እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። አስካለ በሥራ ዘመኗ የእጅ ሥራ መምህርት ስለነበረች ቶሎ ገባት። የሙሽሮች ስም፣ የግድግዳ መስቀል፣ የመዝሙር ደብተር የቆዳ ሽፋን፣ የመቃብር ስም ትቆርጥ ጀመር። እንደ ቀየትና ራቤል ካሉ አካባቢዎች ሁሉ ሰው ይመጣባት ነበር። በስተርጅና እጇ እንደገና ሥራ አገኘ። ያንገበገበኝም እሱ ነው። በአባቴ ቤት ውስጥ እሷ ሁለተኛ ጊዜ ወጣት ስትሆን እኔ ግድግዳ አዳምጣለሁ።

መብራቱ መጀመሪያ አስቸግሮን ነበር። ሰው ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት ኃይሉ ይወርድና ሌዘሩ መሐል ላይ ይቆማል፤ ግማሽ የተቆረጠ የሙሽራ ስም ይቀራል። ዮናስ ኃይል የሚያስተካክል ዕቃ አመጣ። ጭሱን የሚስበው ማራገቢያ ደግሞ ከሌዘሩ ጋር በአንድ መስመር ሲሠራ መብራቱ ጠቅላላ ይጠፋል። የእኔ ክፍል ታደሰ ያከራየው ስለነበር የራሱ ቆጣሪ አለው። ዮናስ የማራገቢያውን ገመድ በግድግዳው አሳልፎ ከእኔ ክፍል ቀጠለው። ማብሪያው ከራስጌዬ ሆነ። አስካለ ሥራ ልትጀምር ስትል በግድግዳው ታንኳኳለች።

«እትዬ! ማራገቢያውን!»

«አብርቻለሁ!»

ጭሱ በመጀመሪያ በቱቦ በኩል በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። እንደዚያ ቢቀር ኖሮ ዛሬ የምጽፈው አይኖርም ነበር። ግን ቀዳዳው የሚከፈተው ወደ ጎረቤታችን ወደ ወይዘሮ በለጥ አጥር ነው፤ ወይዘሮ በለጥ ደግሞ ባና የሚሠራበትን ሱፍ እያጠበች እዚያ አጥር ላይ ታሰጣለች። ሱፍ ሽታ ይጠጣል። አንድ ቀን እፍኝ ሱፍ ይዛ በር ላይ ቆመች።

«መምህርት! እኔ ሱፍ ነው ያሰጣሁት፤ አንቺ የምታቃጥይው በግ ነው እንዴ? ይህን ባና የሚለብስ ሙሽራ በሠርጉ ዕለት የተለበለበ የበግ ጭንቅላት ሲያልም ሊያድር ነው!»

«ነፋሱ ነው ወይዘሮ በለጥ፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«ነፋሱንም አንቺ ነሽ ያስተማርሽው?»

እኔ ከክፍሌ ሆኜ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ሰላምታ ተዉ። ቱቦው ተነሳ፤ ቀዳዳውንም አስካለ በሱፍ ጠቀጠቀችው። በእኛ አገር ለውርጭ የተተወ ቀዳዳ የለም፤ መስኮቱም በሩም ዳር ዳሩ በጨርቅ የተደፈነ ነው። ዮናስ በምትኩ የአየር ማጣሪያ ላከ። ማራገቢያው ጭሱን ስቦ ወደ ማጣሪያው ሣጥን ያስገባዋል፤ ሣጥኑ አጣርቶ አየሩን መልሶ እዚያው ክፍል ውስጥ ይተነፍሰዋል። በስልክ ደጋግሞ አስረዳን። በሣጥኑ ውስጥ ጨርቅና ከሰል አለ። ጨርቁ ጥቀርሻውን ይይዛል፤ ሲጠቁር አይታችሁ ትቀይሩታላችሁ አለ። የማይታየውን የሚይዘው ከሰሉ ነው። ከሰሉ ግን አቅሙ ሲያልቅ መልኩ አይለወጥም፤ ሲገባም ጥቁር ነው፣ ሲያልቅም ጥቁር ነው። ማለቁ የሚታወቀው በሽታው ብቻ ነው። ክፍሉ ቃጠሎ ቃጠሎ ማለት ሲጀምር የዚያኑ ዕለት ቀይሩት።

«ከሰል እንደሁ ከገበያ እገዛለሁ» አለች አስካለ።

«እማዬ! ያ የምድጃ ነው! ይሄ ሌላ ነው፣ እኔ ነኝ የምልከው።»

በከረጢት ላከው። ቦታ ስለጠፋ ከረጢቱ የተቀመጠው ከእኔ አልጋ ሥር ነው። አሁን ነገሩ ሁሉ በፊታችሁ ነው፦ ማብሪያው ከራስጌዬ፣ ከሰሉ ከአልጋዬ ሥር፣ አፍንጫውም የእኔ።

አንድ ጠዋት ለሠርግ ዕቃ ያዘዘች አንዲት ሴት መጥታ ሳለ የክፍሌን በር አይታ ማን እንደሚኖርበት ጠየቀች። አስካለ፣ «እህቴ ናት። መጠጊያ የላትም፤ እኔው ጋ ናት» ስትል በግድግዳው ሰማሁ። ድምጿ ክፉ አልነበረም። እንዲያውም ደግ ነበር። ያባሰውም ደግነቱ ነው። አባቴ «ያስታመመችኝ ልጅ ነው» ባሉበት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ መጠጊያ የለሽ መሆኔን ሰማሁ።

ከሰዓት በኋላ ስትሠራ ቆይታ በሩን ከፈተች። «እትዬ፣ እስቲ አሽትቺልኝ፤ ይሸታል?»

ገባሁና አሸተትኩ። ስስ ነበር፤ ግን ነበር። የተቃጠለ ሙጫ ይመስላል፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

«አይሸትም» አልኩ።

እንዲህ ነው የጀመርኩት። አስቤበት ነበር? አላሰብኩበትም። ይህ ግን ያድነኛል? ያልታሰበ ቃል አንድ ቀን ይነገራል፤ እኔ ከመስቀል እስከ ፋሲካ ተናገርኩት። በየቀኑ ጠየቀችኝ፣ በየቀኑ ገባሁ፣ በየቀኑ አሸተትኩ፣ በየቀኑ አይሸትም አልኩ። ከቀን ወደ ቀን እየጠነከረ ሲሄድ እኔም ቃሌን እየለመድኩት ሄድኩ። ዕቃ ለመውሰድ የሚመጡ ሰዎች አንዳንዴ «ቃጠሎ ቃጠሎ ይላል» ሲሉ አስካለ ወደ እኔ ትዞራለች፤ እኔም «አዲስ የተቆረጠ እንጨት እንዲሁ ነው፤ በዕቃው ላይ የሚቀር ነው» እላለሁ። ዮናስ ደውሎ ከሰሉን ቀየራችሁ ወይ ሲል «ኧረ ገና ነው፤ እትዬ አይሸትም ትላለች» ትለዋለች። «ጎበዝ ከሰል ነው!» ብሎ ይስቃል።

ወይዘሮ በለጥ እንደ ድሮዋ ብትገባና ብትወጣ ኖሮ አንድ ቀን ታጋልጠኝ ነበር። በሱፍ መጣላታቸው ለእኔ ተመቸኝ። ሊያስታርቅ የሚችል ሰው ካለ እኔ ነበርኩ። አላስታረቅሁም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሳልጽፈው ባልፍ ደስ ባለኝ ነበር። ሽታው በበሩ ሥር ወደ እኔ ክፍል መግባት ሲጀምር ያን ባና አጣጥፌ በሩ ሥር ወተፍኩት። ከዚህ ቤት ተባርሬ ስወጣ የያዝኩትን ባና። እሷ ከግድግዳው ወዲያ፣ እኔ ከግድግዳው ወዲህ፤ መካከላችን ባናው።

ራሴን ላጽናና ስፈልግ ስለ ማራገቢያው አስብ ነበር። ማራገቢያውን አንድ ቀን አላጠፋሁባትም። ባንኳኳች ቁጥር አብርቻለሁ፤ ታምሜ ተኝቼ እንኳ እጄን ዘርግቼ አብርቻለሁ። እንዲህ እያልኩ ራሴን ታማኝ አደርግ ነበር። በሞተ ከሰል ላይ የሚሽከረከር ማራገቢያ ግን ምን ጥቅም አለው? ጭሱን ከማሽኑ አውጥቶ ወደ ፊቷ ከመመለስ ሌላ ምን ሥራ ይሠራል? ያበራሁላት ይህንን ነው።

ከጥምቀት በፊት ማሳል ጀመረች። ዓይኗም ያለቅሳል። በእኛ አገር ለሚያስል ሰው መልሱ አንድ ነው፤ ብርድ ነው። እኔም ብርድ ነው አልኩ። ፌጦ ወቅጬ በማር ለውሼ በእጄ አጎረስኳት። እያጎረስኳት የማውቀውን አውቅ ነበር። «አንቺ ባትኖሪ ማን ነበረኝ፣ እትዬ?» ስትለኝ ማንኪያውን አላራቅሁም፤ ቃሌንም አልመለስኩም።

ሳሉ ሲጠናባት አብሬያት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም ደረቷን አዳመጠና «እማማ፣ ቤት ውስጥ ጭስ አለ?» አላት።

«ሌዘር የሚባል ማሽን አለኝ፤ ግን ማጣሪያ አለው። እኔ አይሸተኝም፤ እሷ ትንገርህ። የእሷ አፍንጫ ነው ያለኝ» ብላ ክንዴን ያዘች።

ወደ እኔ ዞረ። «ይሸታል እማማ?»

ሽማግሌዎቹ ወደ አስካለ የዞሩበት ቀን ትዝ አለኝ። ያ ቀን ሊጠብቀኝ ይገባ ነበር። አንድ ሰው ስለ ሌላ ሰው ሲጠየቅና መልሱ የሌላውን ሕይወት ሲይዝ ምን እንደሚሰማ ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል? የነጠላዬን ጫፍ በጣቴ ስጠቀልል ራሴን አየሁት።

«አይሸትም» አልኩ።

ያን ቀን ትክክል ለትክክል ሆንን ብዬ ወደ ቤት የተመለስኩ መሰለኝ። አልሆንንም። እሷ ቤት ነበር የወሰደችብኝ። እኔ የወሰድኩባት ትንፋሿን ነው።

ከፋሲካ በኋላ ከግቢው በር እስከ ቤቱ ሳታርፍ መድረስ አቃታት። ዮናስ መጥቶ ወደ ትልቅ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሳንባዋ ተጎድቷል አሉ፤ የሚያገግመው ያገግማል፣ የማያገግመው አያገግምም፤ የመንዝ ደጋ ከእንግዲህ አይሆናትም አሉ። የባሏ አገር መርሐቤቴ ቆላ ነው፤ የባሏ እህት እኔ ዘንድ ትምጣ ብላ ላከች።

አስካለ ከመሄዷ በፊት ሽማግሌ ይሰብሰብልኝ አለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ወይዘሮ በለጥንም ታርቄያት ልሂድ ብላ አስጠራቻት። ነፍስ አባታችንም መጡ። ሌዘሩ በጨርቅ ተሸፍኖ በነበረበት ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። ወይዘሮ በለጥ ገና ደፉን ስትረግጥ አፍንጫዋን ያዘች።

«ወይኔ መምህርት! ዛሬም ይሸታል ቤትሽ!»

አስካለ እየሳቀች አሳለች። «የራስሽ ሱፍ ነው፣ በለጥ። እትዬ አይሸትም ብላለች።»

ሰው ሳቀ። ስቀው ሲጨርሱ አስካለ ቀስ ብላ ወደ እኔ አየች። ረጅም ነበር አስተያየቷ። ምን እንዳየች አላውቅም፤ እኔ ወለሉን ነበር የማየው።

ከዚያ መናገር ጀመረች። ሁለት ቃል ትልና ታርፋለች፤ ሁለት ቃል ትልና ታርፋለች። «አባታችን... ቤቱ ለእትዬ ነው ሲሉ... ሰምቻለሁ። በሽማግሌ ፊት... አልሰማሁም ብዬ... ዋሽቻለሁ። ቤቱ የእሷ ነው። ቀበሌም ሄጄ... በስሟ አዛውራለሁ።» ከዚያ ተነስታ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ዮናስ ያዛት። «ይቅር በይኝ፣ እትዬ።»

ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ! በራቤል ብርድ ስንቴ ለራሴ ብቻዬን ተናግሬዋለሁ፣ እሷን ሆኜ፣ በእሷ ድምፅ! አሁን መጣ። ትንፋሽ ባጠረው ደረት በኩል መጣ። ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ነፍስ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። እሷ የተሸከመችውን ጥላለች፤ ተራው የእኔ ነበር። የሚያስፈልገኝ አንድ ቃል ነው፦ ይሸት ነበር። ሦስት ጊዜ ከአንደበቴ ደረሰ። ሦስት ጊዜ ዋጥኩት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ።

ወይዘሮ በለጥ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ልብ ለእኔም ይስጠኝ አለች። ነፍስ አባታችን በእኔ ምሳሌነት ለተሰበሰበው ሰው ስለ ምሕረት አስተማሩ። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ።

ይቅርታ ከእናንተ አልጠይቅም። እናንተ ያጣችሁት ነገር የለም፤ ይቅርታውም የእሷ ነው። እሁድ እሁድ ከመርሐቤቴ ትደውልልኛለች። ድምጿ አጭር ነው። ቤቱ እንዳይበርደኝ፣ መስኮቱን በጨርቅ እንድደፍን ትመክረኛለች። በደወለች ቁጥር ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ስለ አየሩና ስለ ገብሱ አውርተን ስልኩ ይዘጋል። በደልሽኝ የምላት ሰው አጣሁ፤ በደልኩሽ የምላት ሰው ግን አለችኝ፤ አልነገርኳትም። መጠጊያ አላት ይሉኛል አሁን። ሰፊ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ።

ያኔ፣ ከዕርቁ በኋላ፣ ቀበሌ ሄጄ ፈረምኩ። ቤቱን ተቀበልኩ። እሷ በማግስቱ ጠዋት ሄደች። በሦስተኛው ቀን ከአልጋዬ ሥር ከረጢቱን ጎትቼ አወጣሁ፤ የማጣሪያውን ክዳን ፈትቼ የቆየውን ከሰል ደፋሁ፣ አዲሱን ሞላሁ። ከክፍሌ በር ሥር የወተፍኩትን ባና አነሳሁ። ማራገቢያውን አበራሁ። ከሌዘሩ አጠገብ፣ እሷ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀምጬ አሸተትኩ።

አይሸትም ነበር።